ከባንኮክ አዲስ አበባ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ናትናኤል መስቀል አደባባይን ቁልቁል ከምታሳይ ካፌ አስቀመጠኝና ስልኩን አወጣ። መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ወደ ባንኮክ ሊልከው ነው። ስክሪኑ ላይ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕሩን የሚሻገር ቀጭን ሰማያዊ መስመር ተስሏል፤ ከሥሩ ኪሎ ሜትሩና ሰዓቱ ተጽፏል። «አባዬ፣ ወደ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሁለት ፊልም አያለሁ፣ ትንሽ እተኛለሁ፣ በቃ ደረስኩ» አለኝ። ከታች ባቡሩ እየተንሸራተተ አለፈ። እኔ ግን ያነሳሁትን የማኪያቶ ብርጭቆ ሳልቀምስ መልሼ አስቀመጥኩት። «ምነው? አውሮፕላን ፈራህልኝ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አልፈራሁለትም። ያንን መስመር ከእሱ በፊት አውቀዋለሁ። እሱ በተወለደ በሦስተኛው ቀን፣ የቤታችን ዕጣ በዚያ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ውሏል። ይህን ነግሬው አላውቅም።

ያኔ ካዛንቺስ፣ ከጣሊያን ጊዜ ቤቶች በአንዱ ምድር ቤት ባለች የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ነበር የምሠራው። ቢሮዋ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ በመስመር ጽሑፍ የሚያመላልስ አንድ ቴሌክስና ግድግዳውን የሞላ የዓለም ካርታ ነበራት። ሕንፃው ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ መስታወቱ ዓይን የሚወጋ ሆቴል ቆሟል። ማኪያቶ ብር ከሃምሳ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ቦምቦሊኖ ሃምሳ ሳንቲም፣ ከቂርቆስ ካዛንቺስ ታክሲ ስልሳ አምስት ሳንቲም ነበር። እኛ ወጣት የቢሮ ሠራተኞች ትከሻው የሰፋ ኮትና ከእምብርት በላይ የሚታሰር ሱሪ እንለብስ ነበር፤ አሁን ፎቶግራፉን ሳይ ከአባቴ ልብስ የተዋስኩ እመስላለሁ። ፊት ለፊታችን ያለው ሙዚቃ ቤት የወደደውን ካሴት ሳምንቱን ሙሉ ሳይቀይር ያጫውተዋል፤ ሳንወድ በግድ ሁላችንም በቃላችን እናጠናዋለን። ትኬት በእጅ ነበር የሚጻፈው፣ ከሥሩ ቀይ ካርቦን አለው። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ አስቴር ጣቶቼን አይታ ስንት ሰው እንዳሳፈርኩ ትገምታለች። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ከዋጋው በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ቦምቤ አምስት፣ ሮም ስድስት ተኩል፣ ባንኮክ ዘጠኝ። መጽሐፍ ሳልገልጥ እመልስላቸዋለሁ። በዚህ እኮራ ነበር።

የምንኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበት ግቢ ውስጥ ነበር። የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ነበሩ። የደሴ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ነጋዴ። በየሁለት ወሩ ባንኮክ እየሄዱ የሴትና የሕፃናት ልብስ ያመጣሉ፤ ትኬታቸውን የምቆርጥላቸው እኔ ነበርኩ። በእኛ ፋሲካ እሳቸው፣ በእሳቸው ዒድ እኛ ደስ የሚለን ዓይነት ጉርብትና ነበር፣ አስቴር እስክታረግዝ ድረስ። አማቴ እማማ ወርቄ ልጃቸውን ሊያርሱ ከጎጃም መጡና፣ እትዬ ዘይነባ በወጣትነታቸው ከመጀመሪያዋ ልጃቸው በኋላ ሦስት ሕፃናት በተወለዱ በቀናቸው እንደሞቱባቸው ከግቢው ሴቶች ሰሙ። «ሾተላይ ያለባት ሴት ናት፤ ከእጇ ምንም እንዳትቀበይ። ጥላዋም አይረፍብሽ» አሏት። አስቴር አፈረች፤ እናቷን ግን አልተቃወመችም። እኔም አልተቃወምኩም። እትዬ ዘይነባ ነገሩ የገባቸው በአንድ ቀን ነው። ሰላምታቸውን ከሩቅ አደረጉት፤ አስቴር ልብስ ስታሰጣ እሳቸው ከቤት አይወጡም። ወሯ ሲገባ ደግሞ ቢሮ መጥተው፣ «ኃይሉ፣ ትኬቱን አስቀድምልኝ። ሰው ቅር ሳይለው ትውለድ» አሉኝና ሄዱ። ትኬቱን ስጽፍ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ናትናኤል ሰኞ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ተወለደ፣ ኡራኤል አጠገብ በነበረች ትንሽ ክሊኒክ። ክብደቱ ደህና፣ ድምፁ ግቢ የሚያናውጥ። ማክሰኞ ጠዋት አጥሚት ይዤ ስደርስ ዶክተር ሰናይት፣ ያዋለደቻት ቀጭን፣ ፈጠን ብላ የምትናገር ሐኪም፣ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝ። የአስቴር ደም አርኤች ኔጋቲቭ፣ የሕፃኑ ፖዘቲቭ መሆኑን ነገረችኝ። «ይኼ ልጅ ምንም አይሆንም። የምፈራው ለሚቀጥሉት ነው። የእናቲቱ ደም አሁን የልጁን ደም እንደ ጠላት ማወቅ ይጀምራል፤ ቀጣዩን ፅንስ ይዋጋዋል። አንድ መርፌ አለ፣ ያስቆመዋል። ግን በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ መወጋት አለባት» አለችኝ። «ታዲያ ይውጓታ!» አልኩ። «እኛ ጋ አልቋል። ከተማው ውስጥም ያለ አይመስለኝም። ፈልግ። እስከ ሐሙስ አሥር ሰዓት።» የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፋ፣ «እንዳይሞቅ» ብላ ሰጠችኝ።

ያን ቀን የሄድኩበትን መንገድ ዛሬም በእግሬ ልደግመው እችላለሁ። የካዛንቺስ ፋርማሲዎች፣ ስታዲየም ዙሪያ፣ ፒያሳ፣ ተክለ ሃይማኖት። ወረቀቱን አሳያለሁ፣ ፋርማሲስቱ ያነባል፣ መነጽሩን ከፍ ያደርጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ «በሚቀጥለው ወር ይገባል» አለኝ። «በሚቀጥለው ወር ለማን?» ብዬ ጮህኩበት፤ ምን አጠፋ ሰውየው? ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ተመልሼ የበረራ መጽሐፉን ገለጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ነበር የምገልጠው። የናይሮቢው በረራ አለ፣ ናይሮቢ ግን ፋርማሲ ሄዶ የሚገዛልኝ አንድም ሰው አላውቅም። የሮሙ ዓርብ ነው፤ አይደርስም። የባንኮኩ ረቡዕ በእኛ ሦስት ሰዓት ምሽት ይነሳል፣ ዘጠኝ ሰዓት ይበራል፣ ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ቦሌ ያርፋል። አሥር ሰዓት ያህል ትርፍ አለው። ባንኮክ ውስጥ ደግሞ የማውቀው ሰው አለ። ስሙ ሲመጣብኝ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ካርታውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከደጃችን ያባረርናቸውን ሴትዮ ነበር የምለምነው።

ነጋዴዎቻችን የሚያርፉበት ሆቴል ስልክ ነበረኝ። ደጋግሜ ደውዬ መስመሩ ሲገባ እዚያ መሽቷል፤ ከእኛ አራት ሰዓት ይቀድማሉ።

«ሃሎ? ማነው?»

«ኃይሉ ነኝ፣ እትዬ ዘይነባ።»

«አስቴር ምን ሆነች?»

«ወለደች፣ ወንድ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ድምፅህ ምነው?»

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ያቺን ቃል ላለማንሳት ስዞር ስዞር እሳቸው ራሳቸው አነሷት። «ሾተላይ ነው በለኛ።»

«ሐኪሟ የደም ነገር ነው አለች። መርፌ አለው አለች።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ወረደ። «መርፌ አለው?»

«አለው። በሦስት ቀን ውስጥ ከሆነ።»

«ስሙን ንገረኝ። ቆይ፣ እኔ ፈረንጅኛ መጻፍ አልችልም፣ የሆቴሉን ልጅ ልስጥህ።» ለእንግዳ ተቀባዩ ፊደል በፊደል አስጻፍኩት፤ ሁለት ጊዜ መልሶ አነበበልኝ። ከዚያ እሳቸው ስልኩን ተቀበሉ። «የእኔ መመለሻ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ዕቃዬም ገና አልተሰበሰበም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ፤ ደፍሬ ነው እንጂ…»

«አንተ ወንበር ፈልግ። መድኃኒቱን ለእኔ ተወው። አብሽር።»

አውሮፕላኑ ሞልቶ ነበር። ረቡዕን ሙሉ ከቴሌክሱ ፊት አልተነሳሁም፤ ስማቸው ከተጠባባቂዎቹ አራተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ሁለተኛ። አለቃዬ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ደንበኞቼን ወደ ራሱ ጠረጴዛ ወሰደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሩ ጸደቀ፤ ለሆቴሉ በቴሌክስ አስተላለፍኩ። ወዲያው ከሆቴሉ መልስ መጣ፤ በላቲን ፊደል አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበታል፤ «አገኘሁ»። ወረቀቱን ይዤ ክሊኒክ ሮጥኩ። እማማ ወርቄ ከቂርቆስ ጸበል አምጥተው የአስቴርን ግንባር ያብሱ ነበር። «ማን ነው የሚያመጣው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እጃቸው አስቴር ግንባር ላይ እንዳለ ቀረ። «እሷ? በእሷ እጅ?» ሲሉ፣ አስቴር ዓይኗን ሳትገልጥ «እማዬ፣ በቃ» አለች። አማቴ ግንባሯን ማበሳቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ቦሌ ነበርኩ። ያኔ ተቀባይ የሚቆመው ከውጭ፣ አጥሩ ሥር ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ሰማዩ ባዶ ነው። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መረጃ የምትሰጠዋን ልጅ ጠየቅኋት። ወደ ስልኳ ዞራ ተነጋገረችና «መንገደኛ ታሞባቸው ቦምቤ አርፈዋል» አለችኝ። «መቼ ይነሳሉ?» «ገና አልተነገረንም።»

ሰዓቱን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። አጥሩን ተደግፈው የሚጠብቁት ሌሎች ሰዎች አንድ ጊዜ «መጣ» አንድ ጊዜ «ዘገየ» እያሉ ተስፋ ያደርጋሉ፤ እኔ ግን ከቦምቤ አዲስ አበባ አምስት ሰዓት እንደሆነ፣ አውሮፕላን ያለ ዕቅዱ ካረፈ ነዳጁ፣ ፈቃዱ፣ የበረራ ሠራተኞቹ ዕረፍት ስንት እንደሚበላ አውቃለሁ። ከአምስት ሰዓት በፊት ካልተነሳ በቃ፣ አልቋል። የትኬት ደብተሬን ገልብጬ ሰዓት እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። አንድ ሰዓት፤ አልተነሳም። ሁለት ሰዓት፤ አልተነሳም። መድኃኒቱን ስለሚያቀዘቅዘው በረዶም አስባለሁ። የቆመ አውሮፕላን ውስጥ፣ በቦምቤ ሙቀት፣ የትኛው በረዶ ይቆያል? ያልተወለዱ ልጆቼን ፊት ለመሳል የሞከርኩት ያን ጊዜ ነው። ያንን የማላውቀውን በሽተኛ ጠላሁት። ሌላ ቀን መታመም አይችልም ነበር? አልኩ፣ በልቤ። አፍሬበታለሁ። ይትረፍ አይትረፍ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ትዝ ይለኛል።

ሁለት ተኩል ላይ ልጅቷ ራሷ በመስኮቱ ጠራችኝ። «ተነስቷል።»

ሰባት ተኩል ላይ አረፈ። ነጋዴዎቹ ከቁመታቸው በላይ የተከመረ ጋሪ እየገፉ አንድ በአንድ ወጡ። እትዬ ዘይነባ ሲወጡ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ለስንት ዓመት ያለ ዕቃ ሲመለሱ አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ሻንጣ እንኳ አልያዙም። ደረታቸው ላይ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን አቅፈው፣ ሻርፓቸው ወደ ኋላ ወርዶ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ሰላምታም የለ። «ስንት ቀረን?» አሉኝ። «ሁለት ሰዓት አይሞላም።» «ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

ላዳ ውስጥ ሆነን ነገሩኝ። ፋርማሲስቱ እንዳይሞቅም፣ በረዶም እንዳይነካው አስጠንቅቋቸዋል። ብልቃጡን በፎጣ ጠቅልለው፣ በረዶውን ዙሪያውን አድርገው፣ በየሰዓቱ ጣታቸውን እያስገቡ ሲለኩ አደሩ። ቦምቤ ላይ ሲሞቅ አስተናጋጇ ለመጠጥ የሚሆነውን በረዶ ሁሉ አምጥታ ሰጠቻቸው። «ዓይኔን አልከደንኩም፣ ወላሂ» አሉ። ኦሎምፒያ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አየና ሞተሩን አጠፋ። «እንግዳ ሊያልፍ ነው። ግማሽ ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሰዓትም።» ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ሠላሳ። አርባ። እትዬ ዘይነባ ሳጥኑን ከፈት አድርገው ጣታቸውን አስገቡና፣ «ገና ቀዝቃዛ ነው» አሉ። ከዚያ በሩን ከፈቱ። ወርደን በግራ በኩል ባለው የውስጥ መንገድ ተያያዝነው። ወፍራም ሴት ናቸው፣ ሌሊቱን አልተኙም፤ ሦስት መቶ ሜትር ሳንሄድ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። ሳጥኑን እጄ ላይ ጣሉልኝ። «ሩጥ!»

ሮጥኩ። በዚያ ኮት፣ በዚያ ቆዳ ጫማ፣ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ሰው እየገፋሁ፣ «ሌባ ነው እንዴ?» የሚል እየሰማሁ። ክሊኒኩ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ነበር። ዶክተር ሰናይት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፤ ተቀበለችኝ፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየች፣ በጽሑፉ ላይ ጣቷን አስኬደች። ያቺን ቅጽበት ስንት እንደነበረች መለካት አልችልም። «ደህና ነው» አለች። መርፌው ራሱ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የፈጀው። እማማ ወርቄ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ሲደርሱ ከበሩ አላለፉም። ደፉ ላይ ቆመው፣ ላባቸውን በሻርፓቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ደረሰ?» ብቻ አሉ። እማማ ወርቄ ተነሱ። ሕፃኑን ከአስቴር ጎን አነሱና፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ወስደው እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ሁለቱም ቀና ብለው አልተያዩም፤ ልጁን ነበር የሚያዩት።

ከቆይታ በኋላ እትዬ ዘይነባ ባዶው ብልቃጥ ትሪው ላይ ተቀምጦ አዩት። አንስተው በሁለት ጣታቸው መካከል አገላበጡት። «ዶክተር» አሉ፣ «ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት፣ እትዬ።»

«የእኔዎቹም ይቺን ነበር የፈለጉት?»

ዶክተር ሰናይት ወንበር ሳበችላቸው። «ደምዎ ተመርምሮ ያውቃል?» አለቻቸው። «ማን መርምሮኝ!» ጣታቸውን ወጋች፣ መስታወት ላይ አንጠባጠበች፣ ከላዩ ጠብታ ጨመረች፣ አዘነበለችው። ሁላችንም ተጠግተን አየን። «ኔጋቲቭ ነዎት» አለች በመጨረሻ። «እኔ አላየኋቸውም፣ እርግጠኛ ነኝ አልልም። ግን እንደዚህ ይመስለኛል። እርግማን አይደለም። ጥፋትዎም አይደለም።»

እትዬ ዘይነባ አላለቀሱም። «ጻፊልኝ» አሉ። «በአማርኛ። ማኅተም አድርጊበት።» ለምን እንደሆነ የነገሩን ያኔ ነው። ሦስተኛው ሕፃን ሲሞት ባላቸው ፈቷቸዋል፤ የመጀመሪያዋን ልጅ ሰዓዳን የባላቸው ቤተሰብ አስቀርቷታል። በየዓመቱ ከባንኮክ ልብስ ይዘው ደሴ ይወርዳሉ፣ ከበሩ ይሰጣሉ፣ ከበሩ ይመለሳሉ። ሰዓዳ አሁን አግብታ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ ጥላቸው እንዳያርፍባት ተብሎ በዚያ ዓመት ልብሱም አልተወሰደላቸውም። ዶክተር ሰናይት ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ የእናቲቱን የደም ዓይነት፣ ሕፃናቱ በምን ሞተው ሊሆን እንደሚችል፣ ልጅቷም ሳትወልድ ደሟን እንድትመረመር። መጨረሻ ላይ «ጥፋቷ አይደለም» የሚለውን ለብቻው መስመር ሰጠችው። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታችበት።

ባንኮክ የቀረውን ዕቃቸውን ሌሎች ነጋዴዎች እስኪያመጡላቸው እንኳ አልጠበቁም። እሑድ ንጋት ላይ የደሴን አውቶቡስ ተሳፈሩ። በዘጠኝ ሰዓት ባሕር ለሚሻገሩ ሴት ያ መንገድ ሙሉ ቀን ነው፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ አቧራ እየጠጡ። አሥራ አንድ ቀን ጠፉ። አስቴር በየቀኑ ግድግዳውን ታዳምጥ ነበር። በአራተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለድን፤ ደሟም ጤናዋም የተባረከ። ስሟን ያወጡት እትዬ ዘይነባ ናቸው።

ከደሴ የተመለሱ ዕለት ሻይ ይዤ ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የእግራቸውን አቧራ ያራግፉ ነበር። ሰዓዳ ተመርምራ ደሟ ፖዘቲቭ ሆኗል፤ የሚያሰጋት የለም። ይህን ነግረውኝ ሻዩን ተቀበሉኝ።

«የሰዓዳ አባትስ?» አልኳቸው።

«ወረቀቱን በበሩ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። መልሶ አነበበው። እናቱን ጠርቶ አነበበላት።» ሻዩን ፉት አሉ። «ከዚያ በሩን ለቀቀና፣ ‹ዘይነባ፣ ግቢ። ቁጭ በይ› አለኝ።»

«እና?»

«ተቀመጥኩ» አሉኝ።